ሻንጣው በአቦከር ስለ መከፈቱ

ወኮነ በ፲፱፻፺፪ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ መምህር እንደሻው ጠመኔ ጥለው በካሜራ በነገሡበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ ሻምበል አባይነህ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከሐረር ኤረር በር ጀምሮ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ አቦከር ሰፈር ሲደርሱ፣ የሞተ ሰው አልነበረም።

ድንኳን ግን ነበር። የእድር ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ ነፃነት ጥቁር ለብሰው እንባ ሲያነቡ እያየ «ማን ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅ ጨዋ በአገራችን አልተወለደምና፤ ሰው አስቀድሞ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ያጣራል።

የነገሩ ሥር ይህ ነው። በዘመነ ደርግ «ያልተከፈተው ሻንጣ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ አቦከር ቴሌቪዥን ባላቸው በእትዬ በለጡ ሳሎን ተጠቅጥቆ፣ ሟች እናት ለልጇ የተወችው ሻንጣ ምን ይዞ ይሆን እያለ ሲከራከር ከርሞ፣ በመጨረሻው ክፍል ልጅቱ እጇን ቁልፉ ላይ ስታሳርፍ መብራት ጠፋ። ከሰፈሩ ፍጻሜውን ያዩት፣ ለስብሰባ ድሬዳዋ ወርደው የነበሩት መምህር እንደሻው ብቻ ናቸው። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን እትዬ በለጡ፣ በወሬ አልፈልግም፣ በዓይኔ ካላየሁ ይቅርብኝ ብለው ከለከሏቸው። ዘመንም አልፎ የእትዬ በለጡን ዓይን ሞራ ይጋርደው ጀመር።

ያን ጊዜ ሊቀ ድራማ፣ መጋቤ አንቴና፣ የእድሩ ጸሐፊ መምህር እንደሻው አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ የአቦከር ሰው! ሻንጣው በፊልም ይከፈታል። እትዬ በለጡ ዓይናቸው ሳይከዳቸው ያዩታል። ይህን ባላደርግ መምህር አትበሉኝ፤ ካሴቱንም ከእርሳቸው ቀድሜ ካየሁ እጄ ይቆረጥ።»

ተከተሏቸውም፦ ሻንጣውን ያዋሰችው በጊደር መጋላ ገበያ የምትነግደው ሙና፣ ንፍሮ ቀቃዮች፣ ድንኳን ተካዮች፣ በመጨረሻም ሐረርን ሙሉ በቪዲዮ የዳረው የሠርግ ካሜራ አንሺው ከድር።

ድንኳኑ ለፊልሙ እናት ለቅሶ የተተከለ ነበርና፣ የእውነት ለቀስተኛ በጎረፈ ጊዜ መምህሩ፣ ለፊልሙ ግርማ ነው ብለው በልባቸው ደስ ተሰኝተው ሁሉንም አስገቡ። ወይዘሮ ነፃነትም ልጅቱን ሆነው ሻንጣውን ከፈቱ፤ መምህሩም ከጎን ቆመው የእውነት እንባ አነቡ። ከድር ግን የሠርግ ሰው ነውና፣ ተቀምጦ ሳይቀረጽ የቀረ እንግዳ ቂሙ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ያውቃልና፣ ካሜራውን ከሻንጣው ነቅሎ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ፊት ያዳርስ ነበር።

በፋሲካ ማግሥት ፊልሙ ሊታይ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። እትዬ በለጡ ከፊት ወንበር፣ ከስክሪኑ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀመጡ። በፊልሙም ወይዘሮ ነፃነት እጃቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉ፤ ወዲያውም ሻምበል አባይነህ ንፍሮ ሲያላምጡ ታዩ። ቀጥሎ ጎረቤታቸው ሲያላምጥ ታየ፤ የጎረቤቱም ጎረቤት ታየ፤ በየአገጩ ሥር ከድር እንደ ሠርግ ልማዱ ያስገባት ቀይ ጽጌረዳ ትንሳፈፍ ነበር። ካሜራው ወደ ሻንጣው ሲመለስ ሻንጣው ተከፍቶ ተዘግቷል። ሻምበል አባይነህ፣ እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም ብለው ቆመው አጨበጨቡ።

ሰው ሳይሞት ያስለቀሱ፣ ሳይድሩ እንግዳ ያስቀረጹ፣ በዘመናቸው አቦከር ራሱን በስክሪን ላይ ያየላቸው መምህር እንደሻው ስማቸው ከጀጎል ግንብ ጋራ ይኑር! እርሳቸውም በእትዬ በለጡ ፊት ዝቅ ብለው፣ እንግዲህ በአፌ ልንገርዎት ወይ ብለው ለመኑ።

እትዬ በለጡ በእምቢታ ራሳቸውን ነቅንቀው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ያኔስ መብራት ጠፍቶ ነው፤ የዛሬውን በምን ላመካኝ ልጄ?»