ወንድይፍራው እና የሙሽራዋ ቮልስ ጎማ

ወንድይፍራው ትናንት ሌሊት ሕልም አየ። ከሕልሙ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ሰውየው በነጋታው የእህቱን ልጅ ትርሲትን በገዛ ቮልሱ ሊድር ነበር። አባቷ ጋሽ ዘርጋው ዘመናዊ መኪና እንከራይ ቢሉ፣ የእኔ ቮልስ ቆማ የኪራይ መኪና እዚህ ግቢ አይገባም ብሎ ዘመድ ፊት ማለ። እሳቸውም ጎማዋ ባደረ ቁጥር የሚተኛ መኪና ይዘህ እንዳታዋርደን አሉት። ይቺ ቃል አንገበገበችው። ወዲያው ሄዶ ከመኪና ባትሪ ጋር የሚያያዝ፣ ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ የጎማ መንፊያ ገዛ። ማታውን፣ ቤንዚን በከንቱ ለምን ይቃጠላል ብሎ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ አራቱንም ጎማ ሞላ። ተጠባባቂውንም ሞላ። የግቢውን ልጆች ኳስ ሳይቀር ሞላና፣ እያንዳንዱን ጎማ በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ተኛ።

በሕልሙ ደሴ ፒያሳ ቆሟል። መንገዱን ሰው ሞልቶታል፤ ሰው ሁሉ መኪና አዝሏል። መኪኖቹ ከላይ ሆነው ክላክስ ያንባርቃሉ፣ ሰዎቹ ከታች ይሮጣሉ። እሱም ቮልሱን አዝሏል። እንዴት ኮራ መሰላችሁ! የማንም መኪና እንደሷ አልተወለወለም።

ማደያው ጋ ሲደርስ አንድ የጭነት መኪና ከተሸከመው ሰውዬ ጀርባ ወርዶ፣ የሰውየውን ባት በጎማው መታ መታ አደረገ። ይሄ ንፋስ የለውም ብሎ ጥሎት ሄደ። ትራፊኩ አህያ ነበር። ኮፍያውን አስተካክሎ ወንድይፍራውን አስቆመና ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀው።

"ሠርግ።"

"የምን ሠርግ? ሠርገኛው ሁሉ ተንፍሶ የለ እንዴ።"

እውነትም ድንኳኑ ውስጥ ሠርገኛው እንደ ሰሌን ተነጥፏል። ጋሽ ዘርጋው ከነሙሉ ልብሳቸው አጥር ላይ ተሰጥተዋል። ትርሲት ብቻዋን ቬሎዋን ለብሳ ተቀምጣለች።

"ጋሼ፣ ማን ሊድረኝ ነው?" አለችው።

አንጀቱን በላችው። አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ብሎ መንፊያዋን ከኪሱ አወጣ። ሰዉን በየተረከዙ እየሞላ አስነሳ። ሚዜዎቹ ተነፉ፣ አሮጊቶቹ ተነፍተው እልልታውን አቀለጡት። ጋሽ ዘርጋውን ሆን ብሎ መጨረሻ አደረጋቸው። እሳቸውም ከአጥሩ ላይ ሆነው በቀጭን ድምፅ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በልጄ ሠርግ ተሰጥቼ አልዋል ብለው ለመኑት። እሰይ! ሞላቸው። ቦርጫቸው ተመልሶ ቁልፎቻቸው እስኪወጠሩ ድረስ ሞላቸው። አህያው ሰላምታ ሰጠው።

ያን ጊዜ ቮልሷ ከጀርባው ላይ ጎንበስ አለችና፣ "ወንዴ፣ ሁሉንም ሞላህ። እኔ ግን ደክሞኛል" አለችው።

"ጎማሽ ሙሉ አይደል?"

"ጎማዬስ ሙሉ ነው" ብላ ልትቀጥል ስትል በሩ ተደበደበና ከሕልሙ ባነነ።

ጋሽ ዘርጋው ናቸው። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በእግሩ መጥቷል፣ ትርሲት ቮልሷ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። ወንድይፍራው ከረባቱን እያሰረ ሮጦ ገባና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ እህ እንኳ አላለችም። ባትሪው ማታ በመንፊያዋ አልቋል።

ትርሲት በመስታወት አየችው። ሌላ መኪና የለም፣ ቤተክርስቲያኑ ደግሞ ይጠብቃል። ጋሽ ዘርጋው ኮታቸውን አውልቀው ከኋላ ሆነው ገፉ። ሙሽራውም ገፋ፣ ሚዜዎቹም ገፉ። ቮልሷ ከግቢው እየተንሸራተተች ወጣች፣ እልልታው ተከተላት፣ ትርሲትም በሳቅ ፈረሰች።

"እንዴ፣ እንዲህ ቀላል ናት?" አሉ ጋሽ ዘርጋው እያለከለኩ።

ወንድይፍራው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ጎማዋ ነዋ፣ ጋሽ ዘርጋው!"