የማንደፍሮ ሐሞት ታላቅ ተሐድሶ

በኦክላንድ ወደብ በከባድ መኪና ኮንቴይነር የሚጎትተው አቶ ማንደፍሮ፣ ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ አራት ጠጠሮች በሰላም ተደላድለው እንደሚኖሩ በአልትራሳውንድ በተረጋገጠ ማግስት ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፈ፤ ሐኪም ያዘዘለትን ሰርጀሪ ካንስል አደረገ። ሐኪሙ የተማረው አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ጋሽ ዓለሙ ግን አዩርቬዳ የተባለውን የህንዶች ጥንታዊ ሕክምና በኦንላይን ስድስት ሳምንት ሙሉ ተምረዋል፤ ሰርተፍኬታቸውም ለኦክላንድ ቅርብ በሆነችው ኒውአርክ ባለው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ በክብር ተሰቅሏል።

ጋሽ ዓለሙ የማንደፍሮን ምላስ መረመሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የእጁን ትርታ በሦስት ጣት አዳመጡ።

«ፒታህ ከፍ ብሏል» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ፒታ ዳቦ ቤታችንም አይገባም።»

«ዳቦው አይደለም። በሰውነትህ ያለው እሳት ነው።»

ከዚህ ጥልቅ ሳይንሳዊ ውይይት በኋላ በርበሬ ታገደ፤ ጥብስ ከሥልጣኑ ተሻረ፤ ቢጫው እርድ በምትኩ ተሾመ። የህንድ ሊቃውንት የዘነጉትን አንድ ብርጭቆ የወይራ ዘይት በሎሚ ደግሞ ጋሽ ዓለሙ ከኢንተርኔት አሟሉላቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማንደፍሮ ከሆዱ የወጡ አረንጓዴ እንክብሎች በብርጭቆ ይዞ ከመታጠቢያ ቤት በድል ወጣ። ባለቤቱ ያለምዘውድ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት።

«ሃያ ሦስት ናቸው» አላት።

«አልትራሳውንዱ ያየው እኮ አራት ነው፣ ማንዴ።»

«ተደብቀው የነበሩት ናቸዋ።»

ጓንት አጠለቀችና አንዱን በሞቀ ውሃ አሸችው። አረፋ አወጣ።

«ሳሙና ነው። ዘይቱ ሆድህ ውስጥ የሠራው ነው።»

ማንደፍሮ ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ውስጤ ታጠበ ማለት ነዋ።»

ያለምዘውድ አልሳቀችም። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። «ኢመርጀንሲ እንሂድ» ብትለውም ሥራ ሄደ። ወደቡ በር ላይ ሰልፍ ይዞ ሳለ ከቀኝ ጎድኑ ሥር የተነሣው ሕመም ትከሻው ድረስ ዘለቀ፤ መሪውን አቅፎ ላብ በላብ ሆነ። ያን ጊዜ ፈራ። ለጋሽ ዓለሙ ኮል አደረገ።

«እሳቱ እየወጣ ነው፤ ታገሥ» አሉት።

ለሚስቱ ደወለ፤ እሷ አምቡላንስ ላከችለት። በማግስቱ ሐሞት ከረጢቱ ከነጠጠሮቹ ወጣ።

ጋሽ ዓለሙ አበባ ይዘው ሊጠይቁት መጡ።

«እንዲህ በቀላሉ የወጣልህ ዘይቱ አለስልሶት ነው» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ ማንደፍሮ ከልቡ።

ያለምዘውድ ይህን ሰምታ ከክፍሉ ወጣች። ጋሽ ዓለሙ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ። ከዚያ ቀኝ ጎናቸውን በእጃቸው ደግፈው ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ።

«የሰርጀኑን ስልክ ቴክስት አድርግልኝ። ለአንድ ደንበኛዬ ነው።»