የጋሼ ይደገም አውራ ጣት

የትኛውም ሥራ ቤት ብትገቡ አንድ የማያምን ሰው አታጡም። የቆለፋችሁትን በር ሄዶ የሚነቀንቅ፣ የወለወላችሁትን በጣቱ የሚዳብስ፣ «ጨርሻለሁ» ስትሉት «እስቲ ልየው» የሚል። የአውሮፕላን አካል በሚሠራበት በዚያ ሰፊ አዳራሽ ይህን ሹመት የያዙት ጋሼ ይደገም ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነበር።

የአዳራሹ ሥራ ብረትን ከካርቦን ጋር ማጣበቅ ነው። ካርቦኑ እንደ ጨርቅ የተሸመነ ክር ነው፤ ፈሳሽ ፕላስቲክ ውስጥ ተነክሮ ምድጃ ሲገባ ከብረት ይቀላል፣ ከብረትም ይጠነክራል። ግን በር የሚንጠለጠልበት ማጠፊያ ሲያስፈልግ መልሶ ብረት ይፈለጋል። ሁለቱን በብሎን ለማሰር ክሩን መብሳት ግድ ነው፤ የተበሳ ክር ደግሞ ይደክማል። ስለዚህ በሙጫ ይጣበቃሉ። ሰማይ ላይ፣ ሰው ተሳፍሮበት፣ በሙጫ። ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ጋሼ ይደገም አንድ ቀን ስቀውበት አያውቁም።

ከሠራተኞቹ ሁሉ አሳሯን ያበሏት ባለሙጫዋን ነበር። ሦስት ዓመት በሥራቸው ቆይታለች። ብረቱ አሉሚኒየም ነው፤ በአሸዋ ወረቀት ታሸዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ከዚያ እሳቸው ንጹሕ ውኃ ያፈሱበታል። ውኃው እንደ አንሶላ ሳይበጣጠስ ከተኛ ብረቱ ጠርቷል። አንዲት ቦታ ላይ ሸሽቶ ከተንጠባጠበ ቅባት አለ ማለት ነው። ያኔ ክቡርነታቸው ራሳቸውን ይነቀንቁና «ይደገም» ይላሉ። አይቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

ብረቱ ቢጠራ እንኳ ነገሩ አያልቅም። ካርቦንና አሉሚኒየም ቆዳ ለቆዳ ከተነካኩ፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል፤ ስለዚህ መሃላቸው ስስ የመስታወት ጨርቅ ይነጠፋል። «ጎረቤት ከጎረቤት የሚያፋቅር አጥር ነው» ይላሉ ጋሼ። አጥሩ በፀጉር ስፋት ከተዛነፈ ግን ይደገማል።

ማጣበቂያ ክፍሉ በር ላይ ቆመው የሰው እጅ ያሸታሉ። የእጅ ቅባት፣ የፀጉር ቅባት፣ የከንፈር ቅባት ዝር አይልም። አንድ ጊዜ ዋናው ሥራ አስኪያጅ እንግዶች አስከትለው ሲመጡ፣ ጋሼ በትሕትና እጅ ነሥተው «ከንፈርዎን ታጥበው ይመለሱ» አሏቸው። ሰውየው ታጥበው ተመለሱ። ቤታቸውም ቢሆን ያው ነው። ባለቤታቸው የታጠበ ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት ጋሼ ወደ መብራቱ እንደሚያነሡት ለሰው ሁሉ ተናግረዋል። የልጃቸው እጮኛ ሊተዋወቃቸው የመጣ ዕለትማ፣ ዝም ብለው ለረጅም ጊዜ ስላዩት፣ ውኃ ሊያፈሱበት ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር።

«ሙጫ ቂመኛ ነው» ይላሉ። «ዛሬ ያስቀየምሽውን ከዐሥር ዓመት በኋላ ያስታውስሻል።»

ባለሙጫዋም ብትሆን ቂም ታውቅበታለች፤ ጥርሷን ነክሳባቸው ነበር። የራሷ ማኅተም ያስፈልጋታል። ማኅተም ያለው ባለሙጫ ሥራውን በራሱ ስም ይፈርማል፤ የሌለው ዕድሜ ልኩን በሌላ ሰው ስም ይሠራል። ፈተናው የእውነት በሚበር ማጠፊያ ላይ ነው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሁለቱንም የጣሏት እሳቸው ናቸው። እናቷ በስልክ «ዘንድሮስ?» ባለች ቁጥር የምትገባበት ይጠፋት ነበር።

የዘንድሮው ፈተና ደረሰ። ውኃው ሳይበጣጠስ ተኛ። ጋሼ ብረቱን እንደ ልማዳቸው አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን አዩትና ያለ አንድ ቃል መለሱላት። አጥሩን አነጠፈች፣ ሙጫውን ቀባች፣ ምድጃ ገባ፣ ወጣ። በሦስተኛው ቀን በድምፅ ሞገድ ሲመረመር አንዲት ክፍተት አልተገኘበትም። ሁሉም ፈርመው የቀረው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ሆነ።

ጋሼ እስክሪብቶውን አነሡ። ከዚያ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይሄ አይፈረምም።»

ደሟ ፈላ። «ምኑ ጎደለ ጋሼ?»

«ካንቺ የጎደለ የለም። እኔ ነክቼዋለሁ።»

አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት፤ በክረምቱ ብርድ ተሰነጣጥቋል። ከፈተናው ዋዜማ ባለቤታቸው ቅባት ቀብተውላቸው ነበር። ጠዋት ታጥበውታል፣ ጓንትም አድርገዋል። ነገር ግን ብረቱን በመስኮቱ ብርሃን ካዩ በኋላ ጓንቱን ሲያወልቁ የአውራ ጣቱ ጫፍ ተቀዶ አገኙት። የዚያኑ ሰዓት መናገር ነበረባቸው። «ስጎትተው ነው የተቀደደው» ብለው ለራሳቸው ነገሩትና ዝም አሉ።

ባለሙጫዋ ደንቡን ታውቀዋለች፤ የጻፉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። የጠራ ብረት በእጁ ነክቶ የዚያኑ ዕለት ያልተናገረ ሰው ማኅተሙን ይነጠቃል፣ ማጣበቂያ ክፍሉም ደግሞ አይገባም። ጡረታቸው ሁለት ወር ቀርቶታል። እሷም ብትሆን ይሄ ፈተና ካመለጣት ሌላ ዓመት መጠበቋ ነው። ዞር ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ማንም አላየም እኮ ጋሼ። መሣሪያውም ምንም አላገኘም።»

«መሣሪያው ክፍተት ነው የሚያየው፤ ድካም አያይም። ማንንም የማላምን ሰውዬ ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን አመንኩ። ይበቃል።»

የአዳራሹ ኃላፊ ተጠራ። ደግ ሰው ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ለማለፍ፣ ጥፋቱን በጓንቱ ለማሳበብ ሞከረ። ጋሼ አልሰሙትም። ማጠፊያውን ራሳቸው ተሸክመው ወስደው የተጣበቀው እስኪለያይ በሚስበው መጎተቻ ማሽን ላይ አሰሩት። ባለሙጫዋ ሦስት ዓመቷ አብሮ የታሰረ መሰላት።

ማሽኑ ጎተተ። ብዙ ጊዜ ጎተተ፤ እንቢ አለ። በመጨረሻ ጧ ብሎ ሲለያይ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ብረቱ ላይ የተቦጨቀ ክር ሞልቷል፤ ሙጫው አልለቅም ብሎ ክሩን ይዞት መጥቷል። ጥሩ ሥራ እንዲህ ነው የሚሰበረው። ጠርዙ ላይ ግን አንድ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ልሙጥ ሆና ታበራለች። ክሩ አልነካትም፣ ሙጫውም አልያዛትም።

ጋሼ ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ራሱን እጅ ከፍንጅ ሲይዝ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥፋቱ የእሷ ስላልነበረ ሌላ ማጠፊያ እንድትሠራ በዚያው ወር ተፈቀደላት። ጋሼ የቀሯቸውን ወራት እንዲጨርሱ ከማጣበቂያ ክፍሉ የመስታወት ግድግዳ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበርና ጠረጴዛ ተሰጣቸው፤ ዕቃ ይመዘግባሉ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ከመቼውም አብልጦ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላቸዋል፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስከፋቸው ነበር።

አዲሱን ሥራዋን ሊፈትን ከሌላ አዳራሽ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ስልክ እያወራ ገባ፣ ስልክ እያወራ ፈረመ። «በጣም ጥሩ» አላት፤ ማጠፊያውን ግን አላነሣውም። ከሰዓት በኋላ ማኅተሟ መጣላት፣ ስሟ ተቀርጾበት። ጓደኞቿ አጨበጨቡ። እናቷ ጋ ደወለች፤ እናቷ አለቀሰች። እሷ ግን የጠበቀችው ደስታ አልመጣላትም። ማኅተሙን በእጇ ስታገላብጠው ቆየችና ኪሷ ከታ ተነሣች።

ጓንቷን አድርጋ ማጠፊያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስታወቱ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ቀና አሉ። መስታወቱ ላይ ወዳለው የንግግር ቀዳዳ ጎንበስ አለችላቸው።

«ጋሼ፣ ማኅተሙን አግኝቻለሁ» አለች። «ሥራዬን ግን እስካሁን ያየልኝ ሰው የለም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉና መልሰው አደረጉት። ወንበራቸውን አስጠግተው ግንባራቸው መስታወቱን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ አሉ። ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር አዩት። አልቸኮሉም፤ እሷም አልቸኮለችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያበሳጫት ይህ ዓይን እንዴት እንደሚናፍቃት ያን ጊዜ ገባት፤ አባቷን እንደምትወድ ወደደቻቸው።

ጋሼ ጣታቸውን አንሥተው በአየር ላይ አዞሩ። ገልብጪው ማለታቸው ነበር።

ገለበጠችው።