እግር ለመንከር ሦስት ሪዞርት

ባህር የሌለው ሰው የባህር ዳርቻ ሲያማርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ በክረምቱ መጨረሻ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው መንገድ ዳር ቆማችሁ እኛን ተመልከቱ። በየመኪናው አምስት ስድስት ሆነን ተጠቅጥቀን፣ ምግባችንን ጉልበታችን ላይ ታቅፈን፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ ጥቁር መነጽር አድርገን፣ "የቱ ይሻላል?" እየተባባልን እንነጉዳለን። ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች መዝናናት ማለት ማረፍ አይደለም። ማወዳደር ነው። የተቀመጥንበትን ቦታ ካልተቀመጥንበት ጋር እናወዳድርና የእኛው አንሶ ሲታየን ተናደን፣ ደክሞን፣ ርቦን እንመለሳለን። ሰኞ ቢሮ ስንገባ "እንዴት ነበር?" ለሚለን ሰው ደግሞ "ምንም አይልም" እንላለን። ከአፋችን የሚወጣው ትልቁ ምስጋና እሱ ነው።

ሪዞርቶቹም ቢሆኑ እኛኑ ይመስላሉ። ሦስት የሣር ጎጆ፣ አንድ ዥዋዥዌ፣ በር ላይ ደግሞ እንደ ጄኔራል የተኮሳተረ ጥበቃ ካለ ሪዞርት ይባላል። አጠገቡ ሐይቅ ካለ "ቢች" ይጨመርበታል። ሐይቁ ከገደል በታች ቢሆንም ይጨመርበታል። የሄድንባቸውን የሦስቱን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም አትለዩዋቸውም፣ ስማቸው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው።

እንግዲህ እንደምታዩት በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት የማያጥረኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ሮማን "አንተ መንግሥተ ሰማያት ብትገባ እንኳ ወንበሩ ይቆረቁራል ትላለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ወንበር ከቆረቆረ መናገር ምን ነውር አለው?

የዚህ ሁሉ መነሻ እትዬ ለተብርሃን ናቸው። የሮማን አክስት ናቸው፤ እዚህ ካዛንቺስ ከእኛው ጋር ይኖራሉ፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ታይፒስት ነበሩ። ሙቀቱ የጽሕፈት መኪናውን ቁልፍ እስኪያግል ድረስ ሲመቱ ይውሉና፣ ማታ ከሥራ ሲወጡ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ባህሩ ውስጥ ነክረው ይቀመጡ ነበር። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ስታዲየም አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እስከ ጡረታ ሠሩ። ስለ አሰብ ብዙም አያወሩም። ነሐሴ ውስጥ ግን አንድ ምሽት፣ እግራቸው አብጦ ቁርጭምጭሚታቸውን እያሹ፣ "አንድ ቀን እንኳ እግሬን ሰፊ ውሃ ውስጥ ነክሬ ትንሽ ብቀመጥ" አሉ።

ያሉት ይኸን ብቻ ነው። እባካችሁ ይህን ቃል እናንተ ያዙልኝ፤ እኛ ጥለነዋልና።

የጣልነው ደግሞ በክፋት አይደለም፣ በፍቅር ነው። ሮማን ለወንድሟ ለዳዊት ስትነግረው "እትዬ ውሃ ማየት አማራቸው" አለችው። ዳዊት ለእኔ ሲነግረኝ "እትዬን ቢች እንውሰዳቸው" ሆነ። እኔ ጋ ሲደርስ "ለእትዬ የሚመጥን ቢች" ሆነና አረፈው። ዳዊት ስልኩን አውጥቶ ሰዎች የሰጧቸውን ኮከቦች እየቆጠረ ሦስት ቦታ መረጠ። አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጃችን ሕሊና ፎቶዎቹን አይታ "ሦስተኛው ቫይቡ አሪፍ ነው፣ በቃ እሱ ይሁን" አለች። ቀኑም ተቆረጠ፤ ጳጉሜን ሦስት፣ እሁድ። እትዬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ባለ ማሰሪያ ጥቁር ጫማቸውን አድርገው የዳዊት መኪና ውስጥ ገቡ። ስቶኪንግ አላደረጉም። ስቶኪንግ ሳያደርጉ ከቤት ወጥተው የማያውቁ ሴት ናቸው፤ አንዳችንም ልብ አላልንም።

የመጀመሪያው ሪዞርት ያረጀ ነው። የወንበሩ ቀለም ተላልጧል። ሜኑው አራት ገጽ ሆኖ ሦስቱ ገጽ "የለም" ነው፤ አስተናጋጁም "የለም" ሲል ፊቱ ላይ የሆነ እርካታ ይታያል። ከጓሮው ግን የድንጋይ ደረጃ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ውሃው ውስጥ ናቸው። እኛ ከላይ ስለ ሜኑው ስንነጫነጭ እትዬ የሕሊናን እጅ ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱና ከውሃው ከፍ ብላ ያለችው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ጎንበስ ብለው የግራ ጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ።

ከላይ ሆኜ አየኋቸው። ጫማው የጠበባቸው መሰለኝ።

"እትዬ! ኧረ ይነሱ እባክዎ፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል!"

"ደህና ነኝ ወደይ፣ ተመችቶኛል" አሉ። ሲራሩም ሲቆጡም ትግርኛቸው ይቀድማቸዋል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"እንዴት ይመችዎታል! ይኼ እኮ ለእርስዎ የሚሆን ቦታ አይደለም። ቤት ሳይሻል እዚህ ድረስ አመጣንዎት?"

ወርጄ ክንዳቸውን ደግፌ አስነሳኋቸው። አክብሮታችንን ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሰው አክብረን እናስነሳለን፣ አክብረን እናስቀምጣለን፣ አክብረን ፎጣ እናለብሳለን፣ ጠግቤያለሁ እያለ አክብረን እናጎርሳለን፤ ምን እንደሚፈልግ ብቻ አንጠይቀውም። እሱም በበኩሉ "እኔ እዚህ ደስ ብሎኛል" ማለት ልጆቹን ማስቸገር ይመስለዋል። ይሉኝታ ከዚያ፣ ትህትና ከዚህ እየተገፋፉ ሁላችንም ማንም መሄድ ወዳልፈለገበት ቦታ እንሄዳለን። እትዬ ማሰሪያቸውን መልሰው አሰሩና ተከተሉን።

ሁለተኛው ሪዞርት ትልቅ ነው፤ ትልቅነቱንም በር ላይ ያሳውቃችኋል። ጥበቃው ሮማን ሌሊት ተነስታ የጋገረችውን ዳቦ ከነጥብሱ ተቀብሎ "ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው" አለና አጠገቡ አስቀመጠው። ዳቦው ሲሸተው ዓይኑ እንዴት እንደበራ አይቻለሁ። ውስጡ እብነ በረድ ነው፣ መስታወት ነው፣ ሙሽሮችና ሚዜዎች በየጥጉ ፎቶ ይነሳሉ። ሐይቁ የት አለ? ከመስታወቱ አጥር ባሻገር፣ ከገደሉ በታች፣ እንደ ግድግዳ ካላንደር ሥዕል ተሰቅሏል። ይታያል እንጂ አይነካም። የሚነካ ውሃ ከፈለጋችሁ መዋኛ ገንዳ አለላችሁ።

እትዬ ገንዳውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ጫማ አወለቁ፤ ጎን ለጎን ደርድረው አስቀመጡ። በዚህ ጊዜ ፊሽካ ያንጠለጠለ አንድ ባለ ጺም ሰውዬ መጣ።

"እማማ፣ ኮፍያ አላደረጉም።"

"የምን ኮፍያ?"

"የዋና ኮፍያ። ያለ ኮፍያ ገንዳ ውስጥ መግባት አይቻልም።"

እትዬ እግራቸውን አዩ፤ ቀጥሎ ሰውዬውን አዩ። "ወደይ፣ እኔ የምነክረው እግሬን ነው። ጸጉሬ ያለው እዚህ ላይ ነው" አሉና በነጠላው ላይ አናታቸውን ነካ አደረጉ።

"ሕጉ ነው፣ እማማ።"

ሕሊና "አባ፣ ኮፍያው እዚያ ጋ ይከራያል፣ ላምጣላቸው?" አለችኝ። እትዬም "ኧረ ምናለበት፣ አምጪልኝ" አሉ፤ ፈገግ ብለው ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። አንዲት የላስቲክ ኮፍያ፣ አሥር ደቂቃ፣ አለቀ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን አውልቀው ሐምራዊ ላስቲክ ሊያጠልቁ? እኔ ቆሜ እያየሁ? ሰውዬውን ስለ ሕግ፣ ስለ አእምሮና በሁለቱ መካከል ሊኖር ስለሚገባው ግንኙነት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁለት። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ዞረው አዳመጡኝ። በጣም ጥሩ ንግግር ነበር። ስጨርስ እትዬ ጫማቸውን አድርገው ጨርሰው ነበር። ስንወጣ ዳቦው ሩቡ ጎድሏል።

ሦስተኛው የሕሊና ምርጫ፣ ባለ አሸዋው ነው። አሸዋው በአይሱዙ የመጣ የግንባታ አሸዋ ነው፤ ጠጠሩን የሚነፋለት ሰው ስላላገኘ ባዶ እግሩን የሚሄድበት ሁሉ እንደ ዶሮ ይፈናጠራል። አንድ የፕላስቲክ ዘንባባ ተተክሏል፤ ነፋስ ሲመጣ እሱ ዝም፣ እውነተኞቹ ዛፎች ይወዛወዛሉ። በአሸዋውና በውሃው መካከል ደግሞ ገመድ ተወጥሮ "ወደ ውሃው መቅረብ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበታል። ሰዉ ሁሉ ገመዱና ሰሌዳው እንዳይገቡ ስልኩን አዘንብሎ ፎቶ ይነሳል። ሕሊናም ተነሳች። ፎቶውን ብታዩት ያላችሁበት አገር ይጠፋችኋል። እትዬ ገመዱን ይዘው ቆመው ውሃውን ያያሉ። ጫማቸውን ሊያወልቁ አልሞከሩም።

ከዚያ ዘነበ። መዝነብ ብቻ አይደለም፣ ሰማይ ተቀደደ። ውሃ ፍለጋ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ ሕዝብ ሁሉ ውሃ መጣብኝ ብሎ እየጮኸ ወደ ጎጆው ሮጠ። እትዬ ግን አልሮጡም። ፊታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ቆሙ።

"ተዉኝ እስቲ፣ ትንሽ ይንካኝ። ዛሬ እኮ ሩፋኤል ነው" አሉ።

የጳጉሜን ሦስት ዝናብ ጸበል እንደሆነ እኔም ተነግሮኝ ነው ያደግሁት። በልጅነቴ በዚያች ቀን ልብሴን አውልቄ ሰፈር ለሰፈር ስዘል እናቴ አትቆጣኝም ነበር፤ በዓመት አንዴ ያልተቆጣችኝ ያን ቀን ነው። እያወቅሁ ጃኬቴን አውልቄ ነጠላቸው ላይ ደረብሁና "ብርድ ይመታዎታል እትዬ፣ በኋላ እኛን ነው የሚያስለቅሱን" ብዬ ወደ መኪናው ወሰድኋቸው።

በመንገድ ላይ ውድድሩ ተጀመረ። ዳዊት እየነዳ ለምግብ፣ ለእይታ፣ ለመስተንግዶ ነጥብ ይሰጣል። ሮማን የመጸዳጃ ቤቶቹን ጉዳይ አነሳች። ሕሊና ለፎቶ ሦስተኛውን የሚስተካከል የለም አለች። እኔ ሦስቱንም ጣልኩ። ለመጀመሪያው የሰጠሁት ስም እዚህ አይጻፍም፤ መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ከሳቁ መሐል ዳዊት በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና፣ ቀኑን ሙሉ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

"እርስዎስ እትዬ? የቱ ይሻላል አሉ?"

"የመጀመሪያው።"

"እንዴ! ምኑ?" አልኩ እኔ፣ ገና ሳቄን ሳልጨርስ።

"ደረጃው ውሃው ውስጥ ይገባል" አሉ።

የያዝሁት ሳቅ አፌ ላይ ቀረ። ያ የነሐሴ ምሽት፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ሲያሹ፣ ቃላቸው ሳይቀር ትዝ አለኝ። የተፈታው የግራ ጫማ ማሰሪያም ትዝ አለኝ። ሮማን "ለምን አልነገሩንም እትዬ?" አለች።

"ደስ ብሏችሁ ትፈልጉ ነበር፤ ምን ብዬ ልበጥብጣችሁ?" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ደስ ብሏችሁ አሉን። ሦስት ቦታ አዙሬ፣ አንድ ሰውዬ ሰድቤ፣ ከአንዱም ሳላሳርፋቸው፣ ደስ ብሎኝ መስሏቸዋል። አፈርሁ። "ተመልሰን እንሂድ" አልሁ፤ መሽቷል፣ ዝናቡም አላባራም፣ እንደማንመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ባምቢስ ሱፐርማርኬትን እስክናልፍ አንድም ሰው ነጥብ አልሰጠም።

ካዛንቺስ ወደ ቤታችን በምትወስደው ቅያስ ስንታጠፍ ማፋሰሻው ሞልቶ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ሆኗል። ዳዊት "ሞተሩ ውስጥ ይገባብኛል" ብሎ ቆመ። የሰፈሩ ልጆች ግማሹ በፓንት፣ ግማሹ ከነልብሱ፣ እየዘለለ ውሃውን ይንቦጫረቅበታል። ሩፋኤል፣ ሩፋኤል እያሉ ይጮኻሉ።

እኔ እንደ ልማዴ እቅድ አወጣሁ። "እትዬ፣ እርስዎ አይውረዱ፤ እኔ አዝልዎታለሁ" እያልሁ ዞሬ በራቸውን ስከፍት ጫማቸውን አውልቀዋል። ሁለቱን ጫማ እጄ ላይ አኖሩና፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እግራቸውን አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ አስገቡ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አለፈ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሕሊና ስልኳን ለእናቷ ሰጥታ ከጎናቸው ወረደች፤ ተያይዘው ቆሙ።

አፌን ከፈትሁ። ውሃው ጭቃ ነው፣ ቆሻሻ ያጠበ ነው፣ ስባሪ ጠርሙስ አይጠፋውም ልል ነበር፤ ሁሉም ደግሞ እውነት ነው። እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቀደሙኝ።

"ለዚህኛውም ጉድለት አገኘህለት፣ ወደይ?"

"ኧረ የለውም እትዬ" አልሁ።

"እንግዲያ ና ግባ።"

ጫማዬን እንዳላወልቅ ሁለቱም እጆቼ በእሳቸው ጫማ ተይዘዋል። ከነጫማዬ ገባሁ።