እግሩ ሳፋ ውስጥ ሳለ የጮኸው ጎታ

ወሬ አዳመጠ ተብሎ የሚወቀሰው ድሃ ብቻ መሆኑን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አጥር ተደግፋ የጎረቤቷን ጨዋታ የምትሰማ ሴት ወሬኛ ትባላለች። ያቺኑ ሴት አንድ ለአምስት አደራጅተው፣ ማን ቤት ማን እንደገባ ለቀበሌ ንገሪ ሲሏት ግን ሥራ ይሆናል፣ ስብሰባ ይጠራበታል፣ ጭብጨባም አለው። እኔ አስረኛ ክፍል ነኝ። ማንም ሳያደራጀኝ ለጥቂት ቀን አዳመጥኩ፤ ይኸው እስካሁን በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ ጓሮ እገባለሁ። ስለዚህ ስናገር ብቆጣ አትፍረዱብኝ።

ነገሩን ያመጣው አጎቴ ነው። አጎቴ ሆቴል ይጠብቃል። አንድ ፈረንጅ እንግዳ ሻንጣው ሲከብደው አንቴና ያላትን አንዲት ጥቁር ራዲዮ ከነመመሪያ መጽሐፏ ሰጥቶት ሄደ። አጎቴ ዜና ልስማባት ብሎ ቢታገላት ቢታገላት ከመንሿሿት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። "እንቺ፣ ፊዚክስ ጎበዝ ሆነሻል አሉ" ብሎ ሰጠኝ። እውነቱን ነው። እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ስሜ ሲጠራ አቤት ለማለት የሚያልበኝ ልጅ ነበርኩ። ዘንድሮ ቲቸር ስለ ሞገድ ሲጠይቅ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄ ብቻውን ተነሳ፤ የመለስኩትም ልክ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እጄን የሚያወርደው ጠፋ።

ራዲዮዋ ስካነር ትባላለች። ዜና አታወራም። ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ አምቡላንስ እርስ በርስ የሚያወሩትን እየዞረች ነው የምታዳምጠው። መመሪያውን ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ አነበብኩት። ከሁሉ የከበደኝ ትራንክ የሚሉት ነገር ነበር። ብዙ ቡድን አለ፣ መስመሩ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰው የማያወራበት አንድ መስመር ይቀመጥና ሁሉንም ያዛል፤ ይሄ ቡድን ወደዚህ፣ ያ ቡድን ወደዚያ እያለ። እሱን ካላገኛችሁ የምትሰሙት ቁርጥራጭ ነው፤ እዚህ የጀመሩትን ወሬ ሌላ መስመር ላይ ሄደው ይጨርሱታል። ሳነበው ሳቄ መጣ። የኛ ሰፈር እኮ ነው። አንድ ለአምስት የተደራጁት ሴቶች ሲያወሩ ትሰማላችሁ፤ የሚያዛቸው ሰውዬ ድምፅ ግን ተሰምቶ አያውቅም።

በአዘቦት ቀን ላሊበላ ውስጥ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ለገና ግን ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና የበዓሉ ጸጥታ አስከባሪዎች ከሌላ ቦታ መጡ። ኮረብታው ላይ ምሰሶ ተከሉ፣ ወገባቸው ላይ አዲስ ራዲዮ ሰኩ። እኔም ጓሮ ቁጭ ብዬ ቁጥር በቁጥር ፈለግኳቸው። አንዱ ቁጥር ላይ እንደ ቅዳሜ ወፍጮ ሳያቋርጥ ይንጣጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሽታለች ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን የሚያዘው መስመር እሱ መሆኑ ገባኝ። እሱን አስገባሁ፣ የቡድኖቹን ቁጥር ተራ በተራ ሞላሁ። ራዲዮዋ አፍ አወጣች።

መጀመሪያ የሰማሁት ምን መሰላችሁ? አንዱ ሌላውን ካልሲዬን ወስደሃል እያለ ይጨቀጭቃል። አንዱ ሽሮው ጨው በዛበት ይላል። ስፈራቸው የኖርኩት እነዚህን ነው? ብዬ ልቤ ሞላ። በማግስቱ ግን ማዕከል የሚሉት፣ ጉሮሮው የደረቀ ሰውዬ መጣ።

"ደብሩ ዙሪያ የተኙትን ለማኞች፣ ቁስለኞች፣ አሮጊቶች ዛሬውኑ አጽዱልኝ" አለ። "መኪናው ከከተማው አርቆ ብልባላ መንገድ ላይ ያራግፋቸው። እንግዶች እንዳያዩ።"

አጽዱልኝ ነው ያለው። ሰውን።

የኛን አገር የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ለገና ከሙጃ፣ ከኮን፣ ከዚያም ወዲያ ሰው በእግሩ ይመጣል። የኛ ሥራ እግሩን ማጠብ ነው። ውሃ አሙቀን፣ ሳፋ አውጥተን፣ የገባውን ሁሉ አስቀምጠን እናጥባለን። ማነህ፣ ከየት ነህ ብሎ ነገር የለም። እግሩ አቧራ ከለበሰ እንግዳ ነው፤ አለቀ። ያ ሰውዬ እንግዳ የሚለው ግን በአውሮፕላን የሚመጣውን ብቻ ነው።

ሮጬ ለእማዬ ነገርኳት። ከየት ሰማሽ እንኳን አላለችኝም፤ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ስትመለስ ከሙጃ የመጡ፣ ዓይናቸው የደከመ አንዲት እማሆይን በእጇ ይዛ ነበር። ሌሎቹ የቅዱሱን ደጅ ትተን ወዴት ብለው እምቢ አሏት። እማሆይን ከመጋረጃው ጀርባ አስተኛቻቸው። እኔ ራዲዮዋን ባዶ ጎታ ውስጥ ከተትኳት። መኪናው ወዴት እንደሚዞር ልስማ ብዬ ግን አልዘጋኋትም። ድፍረት አናቴ ላይ ወጥቶብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ "ቤቶች" ብሎ ገባ። ጋቢ ደርቧል፣ ጫማው አፈር በአፈር ነው። እማዬ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። "ይግቡ ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም መጡ" ብላ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። የለም፣ እኔ እንኳን ለሌላ ጉዳይ ነበር ማለት ሲጀምር እሷ ጫማውን አውልቃ ጨርሳለች። እግር ላጥብ ብላ የተነሳችን እማዬን የሚያስቆም ሰው ገና አልተወለደም። ሁለቱም እግሩ ሳፋ ውስጥ ገባ። ያኔ ወገቡ ተናገረ።

"ሰባት ቁጥር፣ እዚያ ሰፈር የተደበቀ አለ ወይ?"

ያንኑ ቃል ጎታችንም ተናገረ።

ሰውዬው ወገቡን አየ፣ ጎታውን አየ። ሊመልስ ራዲዮውን አፉ ጋ አድርጎ ገና ሲጫነው ጎታው እሪ አለ። የሱ ድምፅ ከጎታው ይወጣል፣ የጎታው ተመልሶ የሱ ራዲዮ ውስጥ ይገባል፣ እንዲህ እየዞረ ይጮሃል። ለፈተና አሳምሬ አውቀዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ሲሆን ግን ማጥፊያዋ የት እንዳለ ጠፋኝ።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?" አለ ማዕከል።

በዚህ ላይ እማሆይ ከመጋረጃው ጀርባ "ልጄ፣ ደግሞ ማን መጣልን?" አይሉም መሰላችሁ። አሁን የቀረ የተደበቀ ነገር የለም። እማዬ ቀና ብላ ሰውዬውን አየችው። ማንነቱ ገብቷታል። እጇ ግን አልቆመም፣ ተረከዙን እንደያዘች ነው።

"እግርህን አታንሳ፤ ገና አልጨረስኩም" አለችው። ይሄኔ እርስዎ ቀርቷል።

ሰውዬው ሳፋውን አየ። "ፍየል ናት ጌታዬ" አለ። ጎታው እንደገና እሪ ሲል ተወርውሬ ውስጡ ገባሁና ራዲዮዋን ዘጋኋት። "እዚህ ቤት ሰው የለም" አለ ቀስ ብሎ።

እማዬ እግሩን አደረቀች፣ እንደ ደንቡም ሳመችው። ቀና ብሎ አላያትም። ሲወጣ በሩ ላይ ወደኔ ዞረ። "ሁለተኛ ከሰማኋት ፍየል አልላትም" አለኝ።

ደግ ሰው ነው እንዳትሉኝ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከኛ ቤት ወጥቶ፣ በታጠበው እግሩ ቀጥ ብሎ ደብሩ ጋ ሄደና ሌሎቹን ጫነ። ከደብሩ አጥር ስር ሆኜ አየሁት። ሽማግሌ በብብቱ እያነሳ መኪና ላይ ያስቀምጥ ነበር። እኔ ደግሞ ዜጋ በፈለገው ቦታ የመንቀሳቀስ መብት አለው የሚለውን ሥነ ዜጋ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ያገኘሁ ልጅ ነኝ። ክፍል ውስጥ የሚነሳው እጄ ግን አጥር ስር አልተነሳም። ሰውዬውም እኛ ቤት ያፈረው እግሩ ርሶ ስለነበር ነው። ሲደርቅ አለፈለት።

በማግስቱ ጠዋት ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጌ ከፈትኳት።

"ማዕከል፣ ትናንት ያራገፍናቸው ተመልሰዋል።"

"የትኞቹ?"

"ሁሉም ጌታዬ።"

"በምን መጡ?"

"በእግራቸው" አለ።

እስቲ አሁን ይሄን ምን ትሉታላችሁ? ገደል ሲወጡ ሲወርዱ ከርመው የመጡ ሰዎችን ብልባላ መንገድ ላይ ጥሎ ቀሩ ብሎ የሚተኛ ማዕከል ነው የሚያዘን።

ራዲዮዋን ዘጋሁ። አሁን የት እንዳለች ለናንተም አልነግራችሁም። እማዬ ከበሩ ሆና ምን አሉ አለችኝ። ሁሉም ተመልሰዋል አልኳት።

"እግራቸው ዳግመኛ አቧራ ለብሷላ" አለችና ውሃ ልትጥድ ገባች።