ይህ ጠርሙስ አይነቀነቅ

ስለ ሰማይ የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። ዝናብ መቼ እንደሚገባ፣ በየትኛው ታቦት ቀን ደመና እንደሚከብድ፣ በረዶ ይዞ የሚመጣው የትኛው ነፋስ እንደሆነ ማንንም ጠይቁ፤ ሳትጠይቁትም የሚነግራችሁ አለ። ስለ መሬት ግን ጠይቁና እዩ። ቀን ከሌት የምንረግጣት፣ የምታበላን፣ በመጨረሻም የምትበላን መሬት ከጫማችን በታች ምን እንደምትመስል ጠያቂም መላሽም የላትም። የአፈር ስም የሚነሣው በልመናና በቁጣ ብቻ ነው። እንግዳ አልበላም ሲል «አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ!» እንላለን። ስንናደድ ደግሞ «አፈር ብላ!» እንላለን። አፈሩ ያው ነው። በአንዱ አፍ እንግዳ እናስቀምጥበታለን፣ በሌላው እናባርርበታለን።

እኔ ከመሬት ጋር ትንሽ እንተዋወቃለን። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጓሮው የውሃ ጉድጓድ ያለው ሰው ካወቃችሁ፣ ቆፋሪው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ አበቃ። ወደ ላይ መማር ሲያቅተኝ ወደ ታች ቀጠልሁ። ከላይ ጥቁሩ አፈር ነው፣ ከሥሩ ቀዩ፣ ከቀዩ ሥር ወደ ቢጫ የሚያደላው፣ ከዚያ ዶማ የሚያስለቅስ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ውሃ። ውሃ ሲወጣ ባለቤቱ ይፈነድቃል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ከታች ያለሁት እኔ ግን መጀመሪያ የማስበው ስለ ጫማዬ ነው።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ በስምንት ዓመት ልጅ የተሸነፍሁት።

ልጄ ቃልኪዳን ትባላለች፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። እናቷ ትርንጎ ያረፈችው በጥቅምት ነው። ታመመች፣ አረፈች፤ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። ከአርባዋ ወዲያ ወደ መቃብሯ አልሄድሁም። ለጠየቀኝ ሁሉ ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ። አካፋ ተሸክሞ ከተማውን የሚዞር ሰው መቼም ሰበብ አያጣም።

ቃልኪዳን ስለ እናቷ አትጠይቅም። የምትጠይቀው ስለ አፈር ነው። ነገሩ የጀመረው ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ሲወጣ «አፈሩን ያቅልልላት» እያለ ነው። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ይህን ስትሰማ ከረመች። አንድ ቀን መጣችና «አባዬ፣ ቀላሉ አፈር የትኛው ነው?» አለችኝ።

«ደረቁ» አልኋት፤ የጨረስሁ መስሎኝ። ወላጆች ሆይ፣ ልጅን ዝም ለማሰኘት መልስ አትስጡ። መልስ ማለት ለልጅ የሚቀጥለው ጥያቄ መርገጫ ነው።

በግንቦት መጨረሻ የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። እራት ላይ ነበርን። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ቃልኪዳን ጉርሻዋን ይዛ ቀረች።

«አባዬ፣ አንተ ስትቆፍር ሁልጊዜ ውሃ ታገኛለህ አይደል?»

«ሁልጊዜ!» አልሁ። ጉራዬን ታያላችሁ?

«እማዬ ጋም ቆፍረዋል እኮ።»

እኔ ወደ ማዕዱ አቀረቀርሁ። እሷ ግን አላበቃችም። «ውሃው እማዬ ጋ ይደርሳል?»

የከርሰ ምድር ውሃ በጣም ጥልቅ እንደሆነ፣ መቃብር ግን ከሰው ቁመት ብዙ እንደማያልፍ አስረዳኋት። ራሷን ነቀነቀች። «እሱስ ገባኝ። ከታች ያለው አይደርስም። ከላይ የሚዘንበውስ?»

«መምህርሽን ጠይቂ» አልኋት። ይህ የአባቶች ሁሉ የመጨረሻ ምሽግ ነው። ቀና ብዬ ሳይ አማቴ እማማ ጥሩሰው እጃቸውን ከማዕዱ አንሥተዋል። እማማ ጥሩሰው የማንኩሳ ሰው ናቸው። ለልጃቸው ለቅሶ መጥተው እዚሁ እኛ ጋ ቀርተዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ራሳቸውን እያመማቸው በመቀነት ጠፍረው ነው የሚውሉት። እኔም ብድግ ብዬ ወጣሁ። ዝናብ ውስጥ ምን ሥራ እንደነበረኝ አትጠይቁኝ።

ቃልኪዳን መምህሯን ጠየቀች። መምህሯ አስተዋይ ሴት ሳትሆን አትቀርም፣ ለምን ብላ አልጠየቀችም። አሸዋ የበዛበት አፈር ውሃ ያሳልፋል፣ ሸክላ የበዛበት ግን ቶሎ አያሳልፍም አለቻት። የትኛው እንደሆነ ለማወቅም መላውን ነገረቻት። ጠርሙስ ውስጥ አፈር ትጨምሪያለሽ፣ ውሃ ትሞዪበታለሽ፣ በደንብ ነቅንቀሽ ታስቀምጫለሽ። አሸዋው ከባድ ስለሆነ ቶሎ ይወርዳል፣ ደቃቁ ይከተላል፣ ሸክላው ከሁሉም ኋላ ያርፋል። ሁለት ቀን ሳይነካ ሲቆይ ውሃው ይጠልላል፣ አፈሩም ተራ በተራ ተነባብሮ ይታያል። «አርብ ለክፍሉ ታሳዪናለሽ» ብላ ሸኘቻት።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ። ቤታችን ውስጥ የተቦካው ግን ለሰፈር ይበቃ ነበር። አምስት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ተሰለፈ። ጥቁሩን ዋልካ ከእርሻ ዳር አመጣን። ቀዩን፣ ቡሬ ከተማ ለሥራ ሄጄ፣ ለመንገድ ከተቆረጠው ገደል ቧጥጬ አመጣሁ። አሸዋው ላህ ከሚባለው ወንዝ ነው። ቢጫው እኔ ከምቆፍረው ጉድጓድ ወጣ።

«አምስተኛውስ?» አልኋት።

«እሑድ ከእምዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አለች። አያቷን እምዬ ነው የምትላቸው።

እሑድ እማማ ጥሩሰው የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሲሳለሙ፣ እሷ ከእናቷ መቃብር በነጠላዋ ጫፍ አፈር ቋጥራ መጣች። አምስቱንም ሞላች፣ ነቀነቀች፣ ቤት ውስጥ ማንም የማይነካው ቦታ ፈልጋ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ደረደረቻቸው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ከሥዕል ሥር የተቀመጠ ነገር ስሙ አንድ ብቻ ነው። ጸበል ነው።

ሰኞ ጠዋት አራቱ ጠርሙሶች መጥለል ጀምረዋል። አምስተኛው ድፍርስርሱ ወጥቷል። ቃልኪዳን ወረቀት ቀድዳ «ይህ ጠርሙስ አይነቀነቅ» ብላ ጽፋ ለጠፈችበት። ማክሰኞም ደፍርሷል። ሳይደፈርስ አይጠራም ይባላል፤ ስንት ጊዜ መደፍረስ እንዳለበት ግን የነገረን የለም።

ረቡዕ ቀትር ላይ ጫማ ልቀይር ቤት ብቅ አልሁ። እማማ ጥሩሰው መቀነታቸውን ከራሳቸው ፈትተዋል። ማንበብ አይችሉም። ጠርሙሱን ከነማስጠንቀቂያው እንደ ቅል ወተት ይንጡታል። ከዚያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ግንባራቸውን ከዳር እስከ ዳር ቀቡት።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ጸበል ነዋ፣ ልጄ። ይህ ከመጣ ወዲህ ራሴ ተወኝ።»

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ስምንት ወር ያልለቀቀ ራስ ምታት የለቀቃቸውን አማት፣ እማማ፣ የተቀቡት የልጅዎን የመቃብር አፈር ነው ትሏቸው ነበር? እኔ «ይማርዎ» ብዬ ጫማዬን ቀየርሁ።

ያም ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ይርገዱ ጉልበታቸውን ካመማቸው ቆይቷል። ለካ እማማ እሳቸውንም ቀብተዋቸዋል። ማታ ስመለስ እትዬ ይርገዱ ምርኩዛቸውን ጥለው አጥር ለአጥር ሲሄዱ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ከየትኛው ደብር ነው ያመጣችሁት?» አሉኝ። «ሩቅ ነው» አልሁ። ከኋላቸው ባዶ ፕላስቲክ የያዙ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

ቃልኪዳን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ከነገ ወዲያ አርብ ነው። ካልጠለለ አላውቅም ማለት ነው» አለች። ምኑን እንደማታውቅ አልተናገረችም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ጠርሙሱን ወስጄ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ እማማ ጥሩሰው ከማይደርሱበት አስቀመጥሁት። ሐሙስ ስመለስ እማማ ራሳቸውን በመቀነት ጠፍረው ተኝተዋል። «ጠፋ» አሉኝ። እንግዲህ ፍረዱ። በአንድ ጠርሙስ ጭቃ፣ ወይ አያት ትድናለች ወይ የልጅ ልጅ መልስ ታገኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ ለልጅቱ ፈረድሁ። አርብ ማታ እመልሰዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

አርብ ጠዋት ጠርሙሱን ሳላወዛውዝ አወረድሁት። ውሃው ጠልሏል። ከታች ቀጭን አሸዋ፣ ከላዩ ደቃቅ አፈር፣ ከዚያ በላይ ወፍራም ቀይ ሸክላ። ቃልኪዳን ማስመሪያዋን አምጥታ ለካች።

«ሸክላው ይበልጣል!»

«ስለዚህ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም» አልሁ። ትንፋሼ የተመለሰልኝም ያን ጊዜ ነው። እዚያው ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

ማስመሪያዋን አስቀመጠች። «ግን አባዬ፣ ይሄ የተቆፈረ አፈር ነው።»

«እንዴት?»

«ተቆፍሮ የተመለሰ መሬት አትርገጪ፣ ይሰምጣል፣ ውሃ ይጠጣል ብለኸኛል። ያን ጊዜ ጉድጓድ ስትደፍን።»

ብያለሁ። እውነትም ነው። ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር እንደ ፊቱ አይጠጥርም፤ ክረምት ሲመጣ ይሰምጣል፣ ጎድጎድ ብሎም ውሃ ያቁራል። ልጄን ያስተማርኋት እኔው፣ ያስተማርሁትን እኔው ልክድ ነው? «አዎ» አልሁ። «ይጠጣል።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። «ታዲያ ምን እናድርግ?» አለች።

ይህን ጥያቄ ስምንት ወር ሙሉ የጠየቀኝ አልነበረም። ሁሉም «አይዞህ» ነው የሚለኝ። ምን ማድረግ እንደሚቻል ግን አውቃለሁ። መሬት ሲሰምጥ አፈር ይጨመራል፣ ይደቀደቃል፣ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ጎንና ጎን እንዲያዘነብል ይደረጋል፣ ከሽቅቡ በኩል ቦይ ይቀደዳል። መልሱን ጥቅምትን ሙሉ፣ ኅዳርን ሙሉ፣ እስከ ሰኔ ድረስ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜው ስዞር ኖሬአለሁ።

ቃልኪዳን ጠርሙሶቿን ትምህርት ቤት ወስዳ አሳየች። አምስተኛው ከየት እንደመጣ መምህሯ አልጠየቀቻትም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ሄድን፤ እኔ አካፋና ዶማ ይዤ፣ እማማ ጥሩሰው ራሳቸውን ጠፍረው፣ ቃልኪዳን ማስመሪያ ይዛ። አርብ ማታ ጠርሙሱን ልመልስ አስቤ፣ ምን ብዬ እንደምመልሰው አጥቼ ቀርቼ ነበር።

መቃብሯ እንደፈራነው ሰምጧል። በመካከሉ ውሃ አቁሯል። ቃልኪዳን ለካችው። እኔ አልለካሁም፤ ሥራዬን ጀመርሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ከሩቅ አይቶኝ መጣ።

«አንተ ጉድጓድ ቆፋሪ! እዚህም ውሃ ፍለጋ ነው?»

«የለም» አልሁት። «ይሄስ ውሃ ለማባረር ነው።»

ዕድሜዬን ውሃ ስፈልግ ቆፍሬአለሁ። ውሃ እንዳይደርስ ስቆፍር ያ የመጀመሪያዬ ነው። አፈር ጨመርሁ፣ በእንጨት ደቀደቅሁ፣ ከሽቅቡ ቦይ ቀደድሁ። ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ዝናቡ መጣ። የጽድ ዛፍ ሥር ተጠለልን። ጎርፉ ሣሩን እየላሰ ቁልቁል ወረደ፣ ቦዩ ጋ ደረሰ፣ ትንሽ እንደማሰብ አለና ታጠፈ።

«ዞረ! አባዬ ዞረ!» ቃልኪዳን ዝናቡ ውስጥ ገብታ ውሃውን እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችው።

ከእማማ ጥሩሰው ጋር ሁለታችን ቀረን። ልናዘዝ ቆረጥሁ።

«እማማ፣ ያ ጸበል ያሉት... ቁም ሳጥን ላይ የሸሸግሁት እኔ ነኝ። ጸበልም አይደለም።»

«የልጄ አፈር ነው» አሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«ስትዝቅ አላየሁም? የታመመው ራሴ ነው እንጂ ዓይኔ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ጸበል ነው አሉኝ?»

ነጠላቸውን አጣፉ። «አንተ ስሟ ሲነሣ ቤት ጥለህ ትወጣለህ። ምን ልበልህ?»

ጎርፉን አየሁ። ሌላ የማየው አልነበረኝም። ቆይቼ እትዬ ይርገዱ ትዝ አሉኝ። «እሺ፣ እትዬ ይርገዱንስ ለምን ቀቧቸው?»

እማማ ቆጣ አሉ። «የልጄን አፈር ለይርገዱ? ለማንም አልሰጥ! እሷን የቀባኋት የቡሬውን ቀይ አፈር ነው።»

እትዬ ይርገዱ እስከ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ይሄዳሉ። እኔም ቡሬ ለሥራ በሄድሁ ቁጥር ከመንገዱ ዳር ትንሽ ቧጥጬ እመለሳለሁ። ደብሩን እንዳልናገር አስምለውኛል ብያቸዋለሁ።

አምስተኛው ጠርሙስ ከሥዕሉ ሥር ተመልሷል። ቃልኪዳን የፊቱን ወረቀት ልጣ ሌላ ለጥፋበታለች። «ለእምዬና ለአባዬ ብቻ። ነቅንቃችሁ ተቀቡ» ይላል። እማማ ጥሩሰው አሁንም ማንበብ አይችሉም።

እኔ ግን እችላለሁ።