ጎንበስ የሚያሰኘው በር

ሰው አንድ ጎጆ ሳይቀልስ ስለ ቤት መጻፍ ይችላል? ይችላል አሉ። እንዲያውም ብዙዎች ጽፈዋል። ልጄ ጫልቱ ሥነ ሕንፃ ልትማር አዲስ አበባ ገብታ፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው ሰዎች ስለ ግንብና ስለ ውበት የጻፉትን ወፍራም መጽሐፍ ይዛ ሱሉልታ እስክትመለስ ድረስ እኔም ቤቴም ይህን አናውቅም ነበር።

እኔ ብዙ አልናገርም። እሷ ግን እያነበበች አስረዳችኝ። የበር ቁመት ከሰው ቁመት ይለካል፤ በር ለሚገባው ሰው ክብር ነው። ይህን ብላ ዓይኗን ወደ በራችን መለሰች። “አባባ፣ ይህን ጉበን ከፍ እናድርገው እንጂ። እንግዳ ይመጣል።”

እንግዳ ያለቻቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖር ልጅ ሽማግሌ ልኮ ለጋብቻ ሊያስጠይቃት ነው። ከእግሩ በታች አፈር ሳይሆን የጎረቤት ኩሽና ላለው ሰው ልጄን የምሰጥ አልነበርኩም። ታዲያ ለማን ብዬ በሩን ላሳምር?

አባቴ ዝቅ አድርጎ የሠራው እንጨት አጥሮት አይደለም። ሰው ቤት የሚገባ ሁሉ ጎንበስ ይበል ብሎ ነው። ቄሱ ጎንብሰዋል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጎንብሷል። እነዚያ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ከመቃብር ተነሥተው ቢመጡም ይጎነብሳሉ! አልነካውም አልኩ። ሚስቴ “አንተ ሰውዬ፣ በሽማግሌ ፊት ልታዋርደን ነው?” አለች። ጎንበስ ብዬ በበሩ ወጣሁ።

እሑድ መጡ። ከፊት የልጁ አጎት ኦቦ ቱሉ ነበሩ፤ ባሕር ዛፍ የሚያህሉ ሰው። “አካም ቡልታኒ! እንደምን አደራችሁ!” እያሉ ቀና ብለው ገቡ። ገቡ ከተባለ። ግንባራቸው ከጉበኑ ጋር ሲጋጭ ላሞቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩ።

ወጉ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፤ አባት ፊቱን አጥቁሮ “ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ” ይላል። እሺ ካላለ በቀር ተቀመጡ አይልም፤ ተቀመጡ ካለ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። የጠቆረ ፊት እንደሆነ ከተወለድኩ ጀምሮ አለኝ። ግን ግንባራቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ደማቸው ቅንድባቸው ላይ እየወረደ፣ እየተንገዳገዱ “ልጅዎን ለልጃችን” የሚሉ አዛውንት ላይ ፊት እንዴት ይጠቁራል?

“አረ ቁጭ ይበሉ፣ ኦቦ!” አልኩ።

ቁጭ አሉ። ሚስቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

በማግስቱ መጥረቢያዬን ይዤ ጉበኑ ሥር ቆምኩ። የከዳኝን በር አልምርም! ጫልቱ ግን መጽሐፏን ታቅፋ ፊቴ ተደቀነች። ከትናንት ወዲህ ሌላ ገጽ ማንበቧ ነው፤ የጥንት ሰዎች ዝቅ ያለ በርን እጅግ ያከብሩ ነበር አለች። ይህም ይሁን። የታናሽ እህቷ ሽማግሌዎች ገና አልመጡምና በሩ አይነካም ስትል ግን መጽሐፉ የማን ወገን እንደሆነ ገባኝ።

መጥረቢያዬን ወደ ቦታው መለስኩ። በሩ ዛሬም እንደ ጥንቱ ዝቅ እንዳለ ነው። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ አልነካውም ብዬ አልነበር?